የጋኔኑ ድምፅ ባለቤት

ከሙዚቃው ሸክላ ጋር አብራ የምትወጣው ትንሽ መጽሔት ገና አልታተመችም። ለማየት ያህል በተራ ወረቀት ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከአናቱ፣ በወፍራሙ እንዲህ ይላል፦ «ድምፅ፦ ኔቪል ባግሾው። ብረት ድብደባ፦ ሎሬይን ስታኒፎርዝ።»

ሎሬይን መነጽሯን አወለቀች፣ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ጽሑፉ ንቅንቅ አላለም።

«ብረት ድብደባ» አለች።

«አሪፍ አይደል?» አለ ጃስፐር። የሁለቱን የድሮ ካሴት በሸክላ እንደገና የሚያሳትመው የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነው፤ ለዚሁ ብሎ ከለንደን ሼፊልድ ድረስ በጠዋት ባቡር መጥቷል። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጥቁር በጥቁር የለበሰ፣ ጥፍሩን ሳይቀር ጥቁር የተቀባ ሰው ነው። «እርስዎን ለማግኘት ስድስት ወር ፈጀብኝ። ሰዉ ሁሉ ሞተዋል ብሎ ነበር የሚያስበው።»

«ማን ነው ሞታለች ያለው?»

ጃስፐር ዐይኑን ወደ ኔቪል ወርወር አደረገ። ኔቪል ሻዩን ያማስል ነበር። ስኳር አልጨመረበትም፤ ግን ያማስላል።

«ሞታለች አላልኩም» አለ ኔቪል። «የት እንዳለች አላውቅም ነው ያልኩት።»

«ከእናትህ ቤት በሁለተኛው መንገድ ላይ ነኝ ኔቪል። ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚያው ነኝ። እናትህ ስትቀበር ሳንድዊቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። አራት በልተሃል።»

ከኋላቸው፣ ማሽኖቿ መሐል የተቀመጠችው ናዚያ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። የድሮ ድምፅ የምታክመው እሷ ናት። ማንም አላስተማራትም፤ በአጎቷ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ የተበላሸ ቴፕ እየፈታች አድጋ፣ ዛሬ የሙዚቃ ቤቶች ከየአገሩ የበሰበሰ የካሴት ክር ይልኩላታል። የምትሠራበት ክፍል ድሮ የቢላ ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። ከታች በግቢው ዙሪያ ዛሬም ቢላ የሚስሉ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ማንኪያ ብር እንዲለብስ የሚነክሩ ሰዎች አሉ።

ጃስፐር ነገሩን ለማለዘብ እጅጌውን ጠቀለለ። ክንዱ ላይ ካሴቱ ሽፋን ላይ ያለውን ምልክት ተነቅሷል፤ ሁለት የተጣመሩ መስመሮች፣ ከላያቸው ትንሽ አክሊል።

«የመናፍስቱ በር» አለ በኩራት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እያለ ነው የተነቀስኩት።»

ሎሬይን ጎንበስ ብላ አየችው። «እሱ የአያቴ ማኅተም ነው። ቢላ ሠሪ ነበር። ሰው ሥራውን እንዳይሰርቀው እያንዳንዱ ቢላ ላይ ይመታው ነበር።»

«ታዲያ... ካሴቱ ላይ ለምን ሣሉት?»

«ሌላ ነገር መሣል ስለማልችል።»

ጃስፐር እጅጌውን ቀስ አድርጎ አወረደው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት ሎሬይንና ኔቪል አንድ ሰፈር የሚኖሩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበሩ። ፍቅረኞች ነበሩ የሚል አለ፤ አልነበሩም፤ ሎሬይን ያኔም ዐይኗ ያያል። ያገናኛቸው ጩኸት ነው። ፋብሪካው ሁሉ እየተዘጋ ነበርና የሚዘጋውን ፋብሪካ ድምፅ በቆርቆሮ፣ በብረት ሳህን፣ በተበላሸ ራዲዮ እየሠሩ ሙዚቃ ነው አሉት። ስማቸውን «የእቶን ልጆች» ብለው አወጡ። ኔቪል ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የድግምት መጽሐፍ ተዋሰ፤ የውሰት ጊዜውንም አራት ጊዜ አሳደሰ። ከእናቱ መጋረጃ ካባ አሰፋ። በተዘጋ የማንኪያ ፋብሪካ ውስጥ መሬቱ ላይ በጠመኔ ክብ ሠሩ፤ ሻማ አበሩ፤ ጋኔን ሊጠሩ። ጋኔኑ ካልመጣም ካሴት ይወጣዋል ተባለ። «የአመድ ጥሪ» የተባለው ካሴት የወጣው ከዚያ ነው።

ድምፁ የሎሬይን ነበር። ቀን ቀን ማንኪያ ትወለውል ነበር፤ በጨርቅ አይደለም፣ እንደ ወፍጮ በሚሽከረከር ጎማ ላይ። እዚያ ቤት ጎንሽ ያለችውን ሴት «ሰዓቱ ስንት ነው?» ለማለት ሰፈር የሚያስነሣ ጩኸት ያስፈልግሻል። ሎሬይን ያንን ጉሮሮ ይዛ መጣች፤ ባዶ የብር መንከሪያ ገንዳ ውስጥ አንገቷን አስገብታ ድግምቱን ደገመች። አሥራ አንድ ጊዜ። በአሥራ አንደኛው ኔቪል «ይበቃል» አለ፤ ልጅቷ ደም ተፋች።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ካሴት አይሸጥም ነበር። የፈለገ ሰው ባዶ ካሴትና ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ይልካል፤ ሠሪው ይገለብጥለታል፤ ያ ሰው ደግሞ ለሌላው ይገለብጣል። የሚገለብጠው ኔቪል ነበር። የሚያጫውትበት ቴፕ ውስጥ ያለው ላስቲክ ተለጥጦ ስለነበር ክሩ እየተጎተተ ነው የሚዞረው። የተጎተተ ክር ድምፅን ያወፍራል። የሎሬይን ድምፅ የወንድ ሆነ፤ የወንድም ብቻ አይደል፣ ከጉድጓድ የሚወጣ።

«ኔቪል፣ ቴፕህ ይጎተታል» አለችው በመጀመሪያው ሳምንት።

«ላስቲክ እገዛለሁ» አላት።

ከዚያ ከቤልጂየም ደብዳቤ መጣ፤ «ይህ ከሰው ጉሮሮ የወጣ አይደለም» የሚል። ከጃፓን መጣ። ከጀርመን መጣ። ኔቪል ላስቲክ አልገዛም። በዋናው ክር ላይ እንኳ ሌላ ነገር ቀዳበት። ሎሬይንም አንድ ቀን ከደብዳቤዎቹ አንዱን አነበበች፤ «ድምፅህ» ይላል፣ ለወንድ ነው የተጻፈው፤ መልሱም አጠገቡ ነበር፣ ገና ያልተለጠፈ፤ «አመሰግናለሁ» ይላል። ፖስታውን ፊቱ ላይ ወርውራ ወጣች። አገባች፣ ወለደች፣ ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ለሕፃናት ድንች ጨለፈች። ኔቪል ግን የጋኔኑ ድምፅ ባለቤት ሆኖ በየአገሩ ዞረ። በየመድረኩ ግን አንድም ቀን አልጮኸም። ሲጠይቁት «ጋኔኑ አንዴ ብቻ ነው የመጣው» ይላል፤ ሕዝቡም ዝም ይላል፣ በአክብሮት።

ለምን ዝም አለች? ማንም አልጠየቃትም፤ ይኸው ነው። አሁን ግን ሸክላው እንዲታተም ውሉ ላይ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስክሪብቶው ከላዩ።

ሎሬይን መጽሔቷን ወደ ጃስፐር ገፋችለት። «ድምፁ የኔ ነው።»

ጃስፐር ፈገግ አለ፤ ለታመመ ሰው እንደሚሰጡት ዓይነት ፈገግታ። «በመንፈስ ማለትዎ ነው?»

«በጉሮሮ ማለቴ ነው።»

«ሎሬይን የኔ ሆድ» አለ ኔቪል ማንኪያውን አስቀምጦ። «አርባ ዓመት እኮ ነው። በዚህ ዕድሜ ትዝታ ይደባለቃል።»

«ከምን ጋር ነው የሚደባለቀው? ከድንች ጋር?»

«አልቆጣም እኔ...»

«አንተ ልትቆጣ? ምን ቀረብህና!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ሻዩ ዘለለ። «ደም ተፍቻለሁ ኔቪል! መሃረብህን ሰጥተኸኛል! መሃረቡንም መልሺ ብለኸኛል!»

ጃስፐር ሁለት እጁን አነሣ። «ወይዘሮ ሎሬይን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ካሴት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወንድ ነው። ማለቴ ሰው ከሆነ ወንድ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች ናዚያ። ፊቷን ከማያዋ ላይ አላነሣችም። «አንተ የላክህልኝ ይሄ ካሴት፣ ሰው ከገለበጠው የተገለበጠ ነው ወይስ ከኔቪል እጅ በቀጥታ?»

«ከራሴ እጅ» አለ ኔቪል። «የመጀመሪያው ቅጂ። ማንም አልነካውም።»

«ጥሩ። ታዲያ ይሄ ነገር ሁለት እምምታ አለው።»

«ምን አለው?»

«እምም የሚል። መብራት ድምፅ አለው አክስቴ» አለች ወደ ሎሬይን ዞራ፤ በእናቷ ዕድሜ ያለችን ሴት ሁሉ አክስቴ ነው የምትለው። «ግድግዳው ውስጥ ያለው መብራት በዚህ አገር በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይርገበገባል። ርካሽ ማይክ፣ ርካሽ ቴፕ ሁሉ ይቀዳዋል። የኔ ሥራ እሱን ማጥፋት ነው። ትናንት ላጠፋው ስል ሁለት ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ሃምሳ ላይ ነው፤ እሱ የተገለበጠበት ቤት መብራት ነው፣ የኔቪል መኝታ ቤት። ሌላው ከስሩ አለ። ሠላሳ ስድስት ላይ።»

«እና?» አለ ጃስፐር።

«እናማ በእንግሊዝ አገር ሠላሳ ስድስት የሚባል መብራት የለም። ጋኔኑ የራሱ መብራት ኃይል ከሌለው በቀር።»

ሎሬይን ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር፣ እንደ ጥፊ።

«የታችኛው፣ ድምፁ መጀመሪያ የተቀዳበት ቤት መብራት ነው» አለች ናዚያ። «እሱም ሃምሳ ነበር። ሲገለበጥ ቴፑ ስለተጎተተ ነው ሠላሳ ስድስት የሆነው። አብሮት ያለው ሁሉ ተጎትቷል። ብረቱም፣ ድምፁም። ሠላሳ ስድስቱን ወደ ሃምሳ ብመልሰው፣ በዚያች ቀን የነበረው ይመጣል።»

«አትንኪው» አለ ኔቪል።

ድምፁ ቀጭን ነበር። ጃስፐር ወደ እሱ ዞሮ አየው፤ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ሥራው እኮ ነው» አለ ኔቪል። «እንደሆነ ነው መተው ያለበት። አርባ ዓመት ሰው የወደደውን...»

«ለመስማት ያህል ብቻ» አለ ጃስፐር። ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

ናዚያ ቁልፉን አዞረችው።

መጀመሪያ ብረቱ ፈጠነ። ቀስ ብሎ እንደ ቀብር ደወል ይመታ የነበረው፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ እንደሚጀምር ፋብሪካ ሆነ። ከዚያ ያ ከጉድጓድ የሚመጣው ማቃሰት ወደ ላይ ተሳበ፣ ተሳበና ልጅ እግር ሴት ሆኖ ወጣ። ሹል ነው። የተቆጣ ነው። ትንፋሿ ይሰማል፤ ገንዳው ውስጥ አየር የምትስብበት። የሼፊልድ አነጋገሯ እንኳ ሳይቀር አለ፤ የጥንቱን ድግምት እንደ ዓሣ ሻጭ ነው የምትደግመው። በመሐል ድግምቱ ጠፋባት መሰለኝ፣ የፋብሪካዋን ፎርማን መራገም ጀመረች፤ ክፉ ክፉውን፣ በስሙ እየጠራች፣ እግሩን፣ ሆዱን፣ ዘር ማንዘሩን። ጃስፐር በመጽሔቷ ላይ ለዚያች ቦታ ሁለት ገጽ መድቦላት ነበር፤ «የማይታወቅ የጥንት ቋንቋ» የሚል ርዕስ አላት።

ሎሬይን አላለቀሰችም። እንባ ይመጣል ብላ ፈርታ ነበር፤ የመጣው ሌላ ነው። ይቺን ልጅ አርባ ዓመት አልሰማቻትም። ራሷ እንኳ እየረሳቻት ነበር፤ አንዳንድ ቀን ዕቃ ስታጥብ፣ እውነት እኔ ነበርኩ ወይ ብላ ታውቃለች። ከሁሉ ያናደዳት ይኸ ነው። ድምፅዋን መስረቁ ሳያንስ፣ ሊያጠራጥራት ደርሶ ነበር።

ናዚያ አቆመችው።

«ሌላ ነገር ነው» አለ ጃስፐር። ፊቱ ገርጥቷል። «ግሩም ነው። ከምር። ግን... ሰዎቹ ያዘዙት ያኛውን ነው። ያደጉበትን። ይሄን ድንገት ባወጣ ይጮኹብኛል።»

«ይጩኹ። መጮህ መጥፎ ነገር አይደለም።»

«እንዲህ ብናደርግስ? ሸክላው እንዳለ ይሁን። ይሄን መጨረሻ ላይ በተጨማሪ እናስገባው፣ ለማወቅ ለሚፈልግ። ስሙን ደግሞ ‹ድምፅ፦ ባግሾው እና ስታኒፎርዝ› እንበለው።»

«እና? እሱ ጉሮሮዬ ውስጥ የት ቦታ ላይ ነው የነበረው?»

ኔቪል ብድግ አለ። ረጅም ሰው ነው፤ ሲቆም ካባው ባይኖርም ካባ ያለ ይመስላል። «አንቺ ጮኽሽ» አለ። «እሺ። ጮኽሽ፤ አልክድም። ግን ጩኸት ሁሌም አለ። ሰፈሩ ሁሉ ይጮኽ ነበር። ያንን ጩኸት ጋኔን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰው የሰማው የኔን ነው።»

«አንተ አይደለህም። ላስቲክ ነው።»

«ሎሬይን...»

«ላስቲኩ ነው! የተለጠጠ ላስቲክ! ስም ከሆነ የምትሰጡት ለሱ ስጡት። ጻፍ አንተ ልጅ፣ ‹ድምፅ፦ የተለጠጠ ላስቲክ› ብለህ ጻፍ። እንዳንተ ቤልጂየም፣ ጌንት ድረስ ሄዶ ንግግር ያድርግ!»

ናዚያ አሁን ሳሉን ትታ በግልጽ ሳቀች። ኔቪል ጆሮው ድረስ ቀላ።

ሎሬይን ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። ሙግት ታውቃለች፤ ሁለት ልጅ አሳድጋለች፣ አንድ ባል ቀብራለች፣ ከሦስት ርእሰ መምህራን ጋር ተጣልታለች። «ስሙኝ» አለች። «ያኛው ይቅር አላልኩም። ይውጣ። ሰው ወዶታል፤ እኔም አልጠላውም፣ ለመስማት ደስ ይላል። አንደኛው ፊት ላይ የኔ፣ እንደተጮኸው። ሁለተኛው ፊት ላይ ያኛው። ከላይ፦ ድምፅ፣ ሎሬይን ስታኒፎርዝ። ከስር፦ በኔቪል ባግሾው ቴፕ የተጎተተ። እውነት ነው አይደል? ማንም አልተሰደበም። አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ጃስፐር ፊቱ በራ። «በጣም ጥሩ ነው! ኔቪል?»

ኔቪል መስኮቱን ነበር የሚያየው። «በጥቅምት ጌንት ላይ የካሴቱን አርባኛ ዓመት በዓል አዘጋጅተውልኛል» አለ። «አዳራሽ ሙሉ ሰው። ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን። አዲስ ነገር ይሆንላቸዋል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ነው ሎሬይን።»

«የማንን ዕድሜ?»

ኔቪል ራሱን ነቀነቀ። «አልፈርምም» አለ። «እንዲያ ከሆነ አይውጣ።»

ጃስፐር ወዲያውኑ ዞረ። ግን ወደ ኔቪል አይደለም የዞረው። ወደ ሎሬይን ነው። «ወይዘሮ ሎሬይን፣ እባክዎ። ትንሽ ብቻ ላላ ይበሉ። ሁለቱም ስም ጎን ለጎን ቢሆን ምን አለበት? ካልወጣ እኮ ማንም አይሰማዎትም። ማንም።»

አሁን ነው የሎሬይን ቁጣ ረጋ ያለው፤ የረጋ ቁጣ ደግሞ የባሰ ነው።

«ልጄ» አለች። «እንቢ ያለው ማን ነው?»

«እሱ፣ ግን...»

«እዚያ ቆሟል። ጆሮም አለው። ለምን እኔን ትለምነኛለህ?»

ጃስፐር እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋ። «እርስዎ... ይገባዎታል ብዬ ነው።»

«አዎ። ይገባኛል። አርባ ዓመት ሙሉ ሲገባኝ ነው የኖርኩት። ለባሌ ገባኝ፣ ለአለቃዬ ገባኝ፣ ለዚህ ለመጋረጃ ለባሽ ገባኝ። ጀርባዬን ያጎበጠኝ መግባቱ ነው።» እስክሪብቶውን አንሥታ ክዳኑን ገጠመችለትና በእጁ አስያዘችው። «ማንም አይሰማሽም አልከኝ። እስካሁን ማን ሰምቶኝ ያውቃል? የሚቀርብኝ ነገር የለም። የሚቀርበት እሱ ነው።»

ውሉን ሳትቀደው፣ ሳትጨማድደው፣ እንዳለ ትታው ተነሣች። ጃስፐር ወንበሩ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ተቀመጠ። ኔቪል ኮቱን አንሥቶ የቀኝ እጁን በግራው እጅጌ ለማስገባት ይታገል ነበር።

«አክስቴ» አለች ናዚያ። «ከመሄድዎ በፊት፣ አንዴ በደንብ ይስሙት? በትልቁ?»

ሎሬይን አሰበች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ የዛገውን መቀርቀሪያ በጡጫዋ መትታ ከፈተችው፤ ሁለቱንም ክንፍ። የግቢው ጩኸት ገባ፤ መዶሻ፣ የቢላ መሳል፣ የሆነ ሰው ራዲዮ።

«ክፈቺው የኔ ልጅ።»

ናዚያ ከፈተችው። በሰው ቁመት የቆሙት ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ከነሙሉ ሆዳቸው ለቀቁት። ብረቱ ከግቢው ግድግዳ ወደ ግድግዳ ተላተመ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ በጠራራ ቀትር ጋኔን ትጠራ ጀመር። ርግቦቹ ከጣሪያው ላይ እንዳሉ ተነሡ። የታች መዶሻ ቆመ። ራዲዮው ቆመ። ከብር ነካሪው ቤት የጎማ ሽርጥ ያደረገ ሽማግሌ ወጣና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«ኧረ ዝጉልን እባካችሁ!» ብሎ ጮኸ። «ማናት ይቺ የምትጮኽ ሴትዮ?»

ክፍሉ ውስጥ ጃስፐር ቀና አለ። ኔቪል እጁ ኮቱ ውስጥ እንደተጠመደ ደርቆ ቀረ።

ሎሬይን በመስኮቱ እስከ ወገቧ ወጣች። የመወልወያው ጎማ ባለበት ቤት ያደገ ጉሮሮ ዕድሜ አይበላውም።

«እኔ ነኝ!» አለች። «ሎሬይን ስታኒፎርዝ!»

«ታዲያ ቀንሺዋ!»

«አልቀንስም!»